አስቤዛችንን በመስፈሪያ እንያዝ



የደመወዝ ዕለት በብዙ ቤቶች የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። አባት ብሩን ይቆጥራል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራቱና የውሃው፣ የዕድሩ ይነሳና ከቀረው ላይ «ይህ ለአስቤዛ ይበቃል» ተብሎ ለእናት ይሰጣታል። እርሷም ገበያ ወጥታ አቅሟ የፈቀደውን ሸምታ ትመለሳለች። ወሩ ሃያ ሲል ዘይቱ ያልቃል፤ ሃያ ሁለት ላይ ሽንኩርቱ፣ ሃያ አራት ላይ ስኳሩ ይከተላል። ቀሪዎቹ የዱቤ ቀናት ናቸው። «ያን ሁሉ ብር ምን አደረግሽው?» የሚለው ጥያቄና «ለመሆኑ ስንት ሰጥተኸኝ ነው?» የሚለው መልስም የሚሰማው በእነዚሁ ቀናት ነው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም መልሱን አያውቁትም። ቤታቸው በወር ስንት ኪሎ ሽሮ፣ ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚፈጅ ተሰፍሮ አያውቅምና ሊያውቁትም አይችሉም። በእጃቸው ያለው አንድ የብር ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህም ቁጥር የተገኘው ከማጀቱ ሳይሆን ከደመወዙ ላይ ሌላው ሁሉ ተነስቶ ከተረፈው ነው። ስለሆነም አስቤዛው አልበቃ ሲል ጥፋቱን በሴቲቱ አባካኝነት ወይም በሰውዬው ንፉግነት እናሳብባለን። አባካኝም ንፉግም የለም ማለታችን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን ቀድሞውኑ የጠፋው ልኩ ነው።

የብሩ ቁጥር ለምን ይከዳናል?

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩስያ ዩክሬንን ስትወር የስንዴና የሱፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የዓለም ታላቋ የፓልም ዘይት አምራች ኢንዶኔዥያ ምርቷን ወደ ውጭ መላክ ለሳምንታት አቆመች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንበላው ዘይት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ጃካርታ ላይ የተወሰነው ነገር ኮልፌ ባለች አንዲት ማጀት ውስጥ ይሰማል።

እንግዲህ ዓምና በብር የተያዘ የአስቤዛ በጀት ዘንድሮ ምን ትርጉም አለው? ብር መለኪያነቱ ቀርቶ ራሱ የሚለካ ነገር ሆኗል። አምስት ሊትር ዘይት ግን ትናንትም ዛሬም አምስት ሊትር ነው። የሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ እንጀራ ዋጋው ቢጨምርም ቁጥሩ አይቀንስም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ዋጋው ሲለወጥ አዲሱን ዋጋ በሚያውቀው ልክ ላይ አባዝቶ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው፣ ካልቻለም ከየትኛው ላይ እንደሚቀንስ ገበያ ሳይወጣ ይደርስበታል። የብሩን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ግን የሚያውቀው ወሩ ሃያ ሲል ነው።

ለወሰንነው ጊዜ የሚያደርስ ልክ

ይህ አዲስ የዘመናዊ ሂሳብ ትምህርት አይደለም። ቡኻሪ ከሚቅዳም ኢብን መዕዲ ከሪብ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግባችንን እንድንሰፍር አዘዋል፤ በመስፈራችንም በረካ እንደሚደረግልን ተናግረዋል። የሶሒሕ አል ቡኻሪ ተንታኝ የሆኑት የአንደሉሱ ዓሊም ኢብን በጧል ሐዲሱን ሲያብራሩ፣ ሰው ለቤተሰቡ በሚያወጣው ምግብ ላይ መስፈር የተወደደ መሆኑን፣ የሐዲሱም ፍች ለወሰናችሁት ጊዜ በሚያደርሳችሁ የታወቀ ልክ አውጡ ማለት መሆኑን ገልጸዋል። የቤት አስቤዛ በጀት ማለት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እዚህ ላይ ሐዲስ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያርፉ በቤታቸው ጥቂት ገብስ እንደነበረ፣ ከእርሱም ለረጅም ጊዜ ሲበሉ እንደቆዩና በሰፈሩት ጊዜ እንዳለቀ ተናግረዋል። ታዲያ መስፈር በረካን ያነሳል ወይስ ያመጣል? ዑለማዎች ሁለቱን ሐዲሶች አስታርቀዋቸዋል። ወደ ቤት የሚገባውንና ለዕለት የሚወጣውን መስፈር አንድ ነገር ነው፤ ስንት እንደቀረ ለማወቅ በጭንቀት የተረፈውን መልሶ መላልሶ መስፈር ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን የማጀት ሰው ይረዳዋል። በጭልፋ ለክቶ ወጥ መሥራትና ዕቃውን በየማታው እየከፈቱ መሳቀቅ አንድ አይደሉም።

እንዴት እንጀምር?

አንድ ደብተርና አንድ የማይለቅ እስክሪብቶ ይበቃል። ዘይቱ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱ የተከፈተበትን ቀን በዕቃው ላይ እንጻፍ። ያለቀበትን ቀን ደግሞ በደብተሩ ላይ እንመዝግብ። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ያለፈ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። «እንቀንስ» ብሎ ወዲያው መነሳት ስህተት ነው፤ የማያውቁትን ነገር መቀነስ አይቻልምና።

በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ አምስት ሊትር ዘይት በወሩ መጀመሪያ ቀን ከፍቶ በሃያኛው ቀን ጨረሰ እንበል። ይህ ቤት በቀን ሩብ ሊትር ይጠቀማል ማለት ነው። ለሠላሳ ቀን የሚያስፈልገው ሰባት ሊትር ተኩል ነው። በየወሩ አምስት ሊትር እየገዛ «ለወሩ» ይል የነበረው ምኞቱን ነበር። የጎደለውን ሁለት ሊትር ተኩል በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ከሰፈር ሱቅ በትንንሽ ጠርሙስ፣ በውድ ዋጋ፣ ያውም በዱቤ ይገዛል። አሁን ምርጫው ግልጽ ሆነ። ወይ ከመጀመሪያው ሰባት ሊትር ተኩሉን ገዝቶ ከሌላ ነገር ላይ ይቀንሳል፤ ወይ ደግሞ አምስቱ ሊትር ወሩን እንዲደርስ በቀን ከሊትር አንድ ስድስተኛውን ብቻ ያወጣል። ሁለተኛውን የመረጠ ቤት ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማንቆርቆር ትቶ ለዕለቱ የሚበቃውን በብርጭቆ ለክቶ ያስቀምጥ። በብርጭቆ ያለውን ዘይት እጅ ራሱ ይጠነቀቅለታል።

የጤፉም ነገር እንደዚሁ ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት በእናንተ ምጣድና በእናንተ እጅ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ቁጠሩ። የጎረቤትን ቁጥር አትውሰዱ፤ ምጣዱም የሊጡ ውፍረትም ይለያያልና። በቀን ስንት እንጀራ እንደሚበላ ከታወቀ የወሩ ዱቄት ታወቀ። ጤፉን ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር የሚቀላቅሉ ቤቶችም ሂሳቡን በዚያው መንገድ ይሠሩታል። ስኳርን በተመለከተ ከማውራት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ ሻይ እንደሚፈላ መቁጠር ይሻላል፤ ብዙ ቤት ይደነግጣል።

ደብተሩን የመያዙን ሥራ ለአንዱ ልጅ መስጠት ጥሩ ነው። የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ማካፈልና ማባዛት ይችላል። ወጣቶቻችን ዘይት በቀን ስንት እንደሚወጣ ራሳቸው ካሰሉ በኋላ «ለምን እንቁላል የለም?» የሚለው ጥያቄያቸው መልኩ ሲለወጥ እናያለን።

ሦስት ወር ከተመዘገበ ቤቱ ልኩን ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚገኘው የብር ቁጥር፣ የልኩና የገበያ ዋጋው ብዜት እንጂ የደመወዝ ትራፊ አይሆንም።

ትንንሹ ግዢ

ጉሊት ወጥታ አንድ መደብ ቲማቲም፣ አንድ መደብ ሽንኩርት የምትገዛ እናት በኪሎ ስንት እየከፈለች እንደሆነ ብዙ ጊዜ አታውቀውም። በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬና ቡናም ያው ነው። እነዚያን መደቦች አንድ ቀን በሚዛን አስመዝና ብታይ በየእሁድ ገበያው ወይም በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ካለው የኪሎ ዋጋ ጋር ማስተያየት ትችላለች። የጉሊቷ ሴትም ልጆች የምታሳድግ እህታችን ስለሆነች እርሷን እንተዋት ማለታችን አይደለም። ቅጠላ ቅጠሉን፣ ቃሪያውን፣ ለዕለት የሚፈለገውን ከእርሷ፤ ወሩን ሙሉ የሚፈለገውን ግን በኪሎ እንግዛ።

ከሁሉም የሚከፋው ዱቤው ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም። ቢጠይቅም አይከራከርም፤ ሚዛኑንም ቀረብ ብሎ አያይም። የባለሱቁን ፊት እያየ የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ለምን ይህን ያህል እንደሚያበዙት ሲጠየቁም፣ ባለዕዳ የሆነ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልጅን «አባትህ የለም በለው» ብሎ ወደ ደጅ የላከ ሰው ይህ ሐዲስ ምን እንደሚል ያውቃል። ዱቤ ግድ ከሆነም በሁለቱም ወገን ይጻፍ። ዕዳ እንዲጻፍ የሚያዘው የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ነው፤ የባለሱቁ ደብተር ብቻውን አይበቃም።

«በወር ሳይሆን በቀን ለምናገኝ ሰዎች ይህ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉን ይኖራሉ። ልክ ናቸው፤ የቀን ሠራተኛ ጀሪካን ዘይትና ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ መግዛት አይችልም። ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ሆኖ የአስቤዛ ዕቁብ መግባት ግን ይቻላል። ዕቁቡ ሲወጣ ብር ከመካፈል ይልቅ አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም ሃያ ሊትር ጀሪካን ተገዝቶ ይከፋፈላል። ሲከፋፈል በሚዛን፣ ሁሉም ቆሞ እያየ ይሁን። ሱረቱል ሙጠፊፊን ያስጠነቀቀቻቸው ሰዎች ነጋዴዎች ብቻ አይምሰሉን።

ጤፍ ከመከር በኋላ፣ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ ገበያ ሲገባ በአብዛኛው ይረክሳል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። የሀላባና የማረቆ በርበሬም እንደዚሁ ከመከሩ በኋላ ባሉት ወራት ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል። ይህ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ዑመር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የአንድ ዓመት ቀለብ ያስቀምጡ ነበር። የተወገዘው ዋጋ እስኪንር ጠብቆ ለመሸጥ መደበቅ ነው።

ደመወዝ የሌላት ወር

ደመወዛችን በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ጳጉሜን ግን አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ሆና ያለ ደመወዝ ትመጣለች። የነሐሴ አስቤዛ የሠላሳ ቀን ሳይሆን የሠላሳ አምስት ቀን ነው። ከኋላዋ መስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ይጠብቃል። በቀን ሩብ ሊትር ዘይት የሚያወጣው ያ ቤት ለጳጉሜን ብቻ አንድ ሊትር ከሩብ ያስፈልገዋል። ይህንን ከሰኔ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ማስቀመጥ አይከብድም፤ በነሐሴ 28 ማሰብ ግን ይከብዳል።

ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደፊት ስለሚመጣ የገበያ ወቅቱ ይለዋወጣል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት 22 ሲገባ የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም ከገባ አንድ ሳምንት እንኳን አልሞላውም ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ዘይትም ምስርም ሽሮም በሁለት ወገን ይፈለጋል። ከሻዕባን በፊት የገዛ ቤት ዕረፍት ያገኛል።

ስለ ረመዳን ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የምንበላበት ወር ከሌሎቹ ወራት ሁሉ ብዙ የምናወጣበት የሆነው እንዴት ነው? ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ተምሩ ይቅር አንልም፤ ልጆች ረመዳንን የሚያስታውሱት በእርሱ ነውና። ግን ሠላሳውንም ማታ ሳምቡሳ መጥበስ የሱና አካል አይደለም። ዘይቱን በብርጭቆ የለካ ቤት በሳምንት ስንት ማታ መጥበስ እንደሚችል ያውቃል። ዘካተል ፊጥርም ከዚሁ ከቀለቡ ይታሰብ። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው፤ ዑለማዎች ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ይገምቱታል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ኪሎ እህል ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው። ይህ በዒድ ዋዜማ የሚፈለግ ብር መሆን የለበትም።

ደብተሩን ማን ማን ያየዋል?

ሁለቱም ማየት አለባቸው። የሚስትና የልጆች ቀለብ በባል ላይ ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባ ባላቸው አቡ ሱፍያን የሚበቃቸውን እንደማይሰጧቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በነገሯቸው ጊዜ፣ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው በአግባቡ የሚበቃቸውን እንዲወስዱ ፈቅደውላቸዋል። «በአግባቡ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ወገን ነው። ሚስት ሠርታ የምታገኘው ገንዘብ ደግሞ የራሷ ነው። ለቤት ብታወጣው የኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ እንደተነገራቸው የዝምድናና የሰደቃ፣ ሁለት ምንዳ አላት፤ የማይመሰገን ግዴታ አድርጎ መቁጠር ግን ነውር ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ሚስት አታውቅም። ከአስቤዛው በፊት ስንት ብር ለጫት እንደወጣ ደግሞ ማንም አያነሳም። ስለ ጫት በሌሎች ጽሑፎች ብዙ ተብሏል፤ እዚህ የምንለው ሂሳቡን ብቻ ነው። የጫቱ ወጪ በዚያው ደብተር ላይ፣ ከዘይቱ ጎን ይጻፍ። አስቤዛ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀነሰው ምንድን ነው? የሕፃኑ ወተት፣ የልጆቹ እንቁላል፣ ከዚያም የእናት እራት ነው። እናት «እኔ አልራበኝም» ማለት የምትጀምረው በወሩ የመጨረሻ አሥር ቀናት ነው። ጫቱ ግን ሲቀነስ አላየንም። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲጻፉ ማን ከማን ላይ እየወሰደ እንደሆነ ለመረዳት ስብከት አያስፈልግም።

ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት እህት ወይም ልጅ የምትልክላቸው ቤቶችም አሉ። የሐዋላ ገንዘብ ቀን የለውም፤ ውሏ ሊቋረጥ፣ አሠሪዋ ሊከለክላት፣ ልትታመም ትችላለች። ስለዚህ የዕለት ዳቦ በእርሱ ላይ ባይመሠረት ይመረጣል። ሲመጣ ዓመቱን የሚያደርስ ጤፍና በርበሬ ይገዛበት፤ የቀረው በስሟ ይቀመጥላት። ተመልሳ ስትመጣ «ምን ቀረኝ?» ማለቷ አይቀርምና።

በመጨረሻም ደብተሩ ላይ የእንግዳና የጎረቤት መስመር ይኑር። ሱረቱል ኢስራእ እጃችን ከአንገታችን ጋር የታሠረ እንዳይሆን፣ ጨርሶም እንዳይዘረጋ ስታስጠነቅቅ ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን እንዲያበዙና ለጎረቤቶቻቸው እንዲያካፍሉ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተመክረዋል። ሥጋውን አብዛ አልተባሉም። በወር አንድ ኪሎ ሽሮና ግማሽ ኪሎ ቡና ለብቻው በሌላ ዕቃ ተለክቶ «የእንግዳ» ተብሎ ከተጻፈበት፣ ሰው በር ሲያንኳኳ የቤቱ ሰዎች እርስ በርስ አይተያዩም። ወሩ አልቆ ሽሮው ሳይነካ ከቀረ በወሩ ሃያ አምስት ላይ ምድጃዋ የማይጨስ ጎረቤት ማን እንደሆነች ከእናቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ዕቃው በልጅ እጅ ወደዚያው ይሂድ፤ ባዶው ሲመለስ የአዲሱ ወር ቀን ይጻፍበት።